ሲቪህን በዎርድ ስለሚጠይቅ ወኪል

ወንድሜ፣ ሥራ የሚያገናኝህ ወኪል «ሲቪህን በዎርድ ላክልኝ፣ የመታወቂያ ኮፒም ጨምር» ማለቱ አሳስቦህ ነው የጠየቅከው። ዎርዱን የሚፈልጉት ባብዛኛው ስልክህንና ኢሜይልህን አጥፍተው የራሳቸውን አርማ ለመለጠፍ ነው፤ ቀጣሪው እነሱን ዘሎ እንዳያገኝህ። እሱስ ደህና። ችግሩ ሌላውንም መነካካት መቻላቸው ነው። እኔ አንዴ ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀምጬ ጠያቂው ሲቪዬን ሲገልጥ፣ በሕይወቴ ነክቼው የማላውቀው ሶፍትዌር «የ5 ዓመት ልምድ» ተብሎ ተጽፎበት አየሁ። ከዚያ ወዲህ ፒዲኤፍ ብቻ ነው የምልከው፤ የራሴን ኮፒም ይዤ እገባለሁ።

መታወቂያውን አሁን አትስጥ፣ የሥራ ውል ሲመጣ ይደርሳል። የትውልድ ቀን፣ የቤት አድራሻ፣ የሪፈረንሶችህ (ስለ ሥራህ የሚመሰክሩልህ ሰዎች) ስልክም ከሲቪው ይውጣ (አንዳንዱ ወኪል የሪፈረንስ ስልክ የሚፈልገው አዲስ ደንበኛ ለማጥመድ ነው)።

ከሁሉ በላይ ግን የድርጅቱን ስም ሳይነግርህና አንተም በጽሑፍ «እሺ» ሳትለው ለማንም እንዳይልክ አስረግጠህ ንገረው። ሁለት ወኪሎች ሲቪህን ለአንድ ቀጣሪ ካስገቡ፣ ቀጣሪው ኮሚሽኑ ለየትኛው ወኪል ይከፈል የሚል ጭቅጭቅ ፈርቶ ጭራሽ ሊተውህ ይችላል። አሁን የምትሠራበት መሥሪያ ቤት እጅ እንዳይገባም ስሙን ጠቅሰህ ከልክለው።