መልስ፦ የህንድ የመረጃ መብት ሕግ ለጎንደር ምን ይበጃል?

ወንድሜ፣ «ህንድ ያን ሁሉ ሕዝብ ይዛ ሹሞቿን መረጃ እንዲሰጡ በምን ታስገድዳለች? ለእኛ ቀበሌስ ይሠራል?» ብለሃል። ጉቦውም መጉላላቱም ዛሬም እዚያ አለ፤ አትሳሳት። ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 በወጣው የመረጃ መብት ሕግ መሠረት፣ ዜጋ ለጠየቀው መረጃ ያለ በቂ ምክንያት በ30 ቀን ውስጥ መልስ ያልሰጠ ሹም በየቀኑ 250፣ ቢበዛ እስከ 25,000 ሩፒ ይቀጣል። ከመሥሪያ ቤቱ ካዝና ሳይሆን ከራሱ ኪስ! ከሕጉ በፊትም የራጃስታን ገበሬዎች የመንግሥት ሥራ የደመወዝ መዝገብ አደባባይ ላይ እያስነበቡ፣ የሞተ ሰው በሠራተኛነት ሲጠራ ሌብነቱን ያጋልጡ ነበር።

እኛም በራሳችን አቆጣጠር በ2000 የወጣ የመረጃ ነፃነት አዋጅ፣ ቁጥር 590/2000 አለን፤ የሚጠቀምበት ሰው ግን ጥቂት ነው። አዘዞም ሆነ ማራኪ ክፍለ ከተማ የኮብልስቶን በጀት ስትጠይቅ በቃል አትጠይቅ። በጽሑፍ አስገባ፣ የገባበትን ቀንና ቁጥር ያዝ፤ እምቢ ካሉህ ለእንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል።