ሞተሩ ዳግም ከመከፈቱ በፊት

ጥያቄ

ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በባሕር ዳርና በደብረ ታቦር መካከል የምትሠራ ቶዮታ ሃይስ ሚኒባስ አለችኝ፤ ሞተሯ 5ኤል ናፍጣ ነው። የሚነዳልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከወረታ በላይ አለም ሳጋን ስትወጣ የሙቀት መለኪያዋ ወደ ቀዩ ይጠጋ ጀመር፤ ውኃም ትጨርሳለች። ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድናት። «ጓርኒሲዮን አቃጥላለች» ብለው የሞተሩን የላይኛ ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረዱና በክዳኑና በብሎኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በአዲስ ለወጡ። የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታትም «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብለው አወጡት። ለዕቃና ለእጅ 38 ሺህ ብር በቴሌብር ከፈልኩ፤ ደረሰኝ አልተሰጠኝም። ቴስታታው ብረት ወደሚላግበት ቶርኖ ቤት ሄዶ እንደሆነም የነገረኝ የለም።

ሥራ በጀመረች በሳምንቷ ሐሙሲት ሳትደርስ ሜዳ ላይ ጋለች። ነጭ ጭስ ታወጣለች፤ ዘይቷም ወተት የገባበት ቡና መስሏል። አስጎትተን እዚያው ጋራዥ መለስናት። አሁን «ሹፌሩ እየጋለች ስለነዳት ቴስታታው ተሰንጥቋል፤ 120 ሺህ ብር አምጪና እንለውጠው፤ ነገ እንከፍታታለን» ይሉኛል። ወንድሜ ግን መለኪያው እንደወጣ አጥፍቼ ቆሜያለሁ ይላል። የመኪናዋ ብድር አላለቀም፤ የጋራዡ ባለቤትም የሰፈራችን ሰው ስለሆነ ዓይን ለዓይን መጠላላት አልፈልግም። ሽማግሌ ልላክ? ልክሰስ? ወይስ ከፍዬ ልገላገል?

የሚኒባስ ባለቤት፣ ከአባይ ማዶ

መልስ

እኅታችን፣ ሽማግሌውም ክሱም ይቆይ። ዛሬውኑ ለጋራዡ ባለቤት ይደውሉና «እኔና ሌላ ባለሙያ ሳንኖር ማንም እንዳይከፍታት» ይበሉ። ስልኩን ሲዘጉ ይህንኑ በጽሑፍ መልእክት ይላኩላቸው። የእርስዎና የጋራዡ ክርክር የሚፈታው በቴስታታው፣ በጓርኒሲዮኑና በብሎኖቹ ላይ በሚታየው ነገር ነው። ሞተሩ ያለ ምስክር ተፈቶ አሮጌው ጓርኒሲዮን ከተጣለ የሚቀረው የእርስዎ ቃልና የእነሱ ቃል ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ የሙያው ባለቤት ስለሆኑ ሰሚው ወደ እነሱ ያደላል።

ባለሙያ ሲመርጡ አንድ ነገር ያስቡ። ሞተሩን የሚመረምረው ሰው በኋላ ጥገናውን የሚወስደው ሰው ባይሆን ይሻላል። ተፎካካሪ ጋራዥ ሲመጣ የፊተኛውን ማጣጣል ይቀናዋል፤ ሽማግሌም ፍርድ ቤትም ይህን ያውቃል። ለክቶ ቁጥር የሚሰጥ ቶርኖ ቤት፣ ወይም በከተማው የቴክኒክ ኮሌጅ አውቶ የሚያስተምር መምህር ቢሆን ቃሉ ይከበራል። የሚያየውን በአንድ ገጽ ጽፎ እንዲፈርም አስቀድመው ይስማሙ፤ ክፍያውንም እርስዎ ይቻሉ።

ከመከፈቷ በፊት ሞተሩን ማንም እንዳያስነሳ። ሲሊንደር ውስጥ ውኃ ካለ ውኃ ስለማይታመቅ፣ ሞተሩ ሲዞር ፒስተኑን የያዘው ዘንግ ሊጎብጥ ይችላል፤ ያኔ ሌላ ጥፋት ተጨምሮ ማን እንዳደረሰው አይታወቅም። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን፣ የራዲያተሩን የውኃ መጠን፣ የዘይት መለኪያውን፣ የቴርሞስታቱን ቤትና ጠቅላላ ሞተሩን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ውኃ የገባበት ዘይት ብሮንዚኖቹ (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርባቸው መሸከሚያዎች) ላይ ብዙ ቀን ከቆየ ዝገት ስለሚያመጣ በመጀመሪያው ቀን ይፍሰስ። ግማሽ ሊትሩን ግን በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድተው ቀኑን ጽፈው ያስቀምጡ። ባለሙያው ግሎፕላጎቹን (ሞተሩ ሲነሣ የሚያሞቁትን መሰኪያዎች) ፈትቶ በእጅ ያዙራት፤ ከየትኛው ቀዳዳ ውኃ እንደወጣ ይመዘግባል። ውኃው ከወጣ በኋላ በዚያው ቀዳዳ የእመቃ ልኬት ማድረግ ይቻላል። ጤነኛ 5ኤል በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ገደማ ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ወሰን 20 ሲሆን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ማለፍ የለበትም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ፣ ብዙ ጊዜ ጓርኒሲዮኑ በመካከላቸው ተበልቷል ማለት ነው።

ከዚያ ይከፈት። አራት ነገር ይታያል፤ እያንዳንዱም ስለ መጀመሪያው ጥገና ይናገራል።

አንደኛው የቴስታታው ፊት ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመቱ፣ በወርዱና ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ተጋድሞ በፊለር ጌጅ፣ ማለትም ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት የክፍተት መለኪያ፣ ይለካል። በእነዚህ ናፍጣ ሞተሮች የተለመደው ወሰን 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚያ የወፈረው ቅጠል በሥሩ ካለፈ ቴስታታው ጎብጧል። አንዴ የጋለ ቴስታታ ሳይለካ፣ ካስፈለገም ሳይላግ አዲስ ጓርኒሲዮን ማልበስ በዚህ ሙያ ይቅር የማይባል ስንፍና ነው። ፊቱ ላይ የማሽን መላጊያው የሚተወው ስስ መስመር ካለ ቶርኖ ቤት ሄዷል፤ የድሮው ጥላሸትና የፍቅፋቂ ጭረት ብቻ ከሆነ አልሄደም። ለዚህ መልስ ለማግኘት ማንንም መለመን አያስፈልግም፤ ዓይን ያየዋል፣ ፎቶም ያነሣዋል።

ሁለተኛው ጓርኒሲዮኑ ራሱ ነው። የዚህ ሞተር ጓርኒሲዮን በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ ልዩነታቸው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ሲሆን ጠርዙ ላይ በፊደል ይለያል። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል ባለ ጠቋሚ መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ተለክቶ ነው። ቀጭኑ ያለ ቦታው ከገባ ፒስተኑ ወደ ቫልቭና ወደ ቴስታታው አለልክ ይጠጋል፤ ወፍራሙ ከገባ እመቃው ወርዶ ጠዋት ማስነሳት ያስቸግራል። «ከሱቅ ያገኘነውን አስገባን» የሚል መልስ ከሰሙ ይጻፍ። ጓርኒሲዮኑን ሳያጥቡ፣ ሳያጥፉ በካርቶን ጠፍጥፈው ይውሰዱት፤ የተቃጠለበት ቦታና ሲሊንደሩን የሚከበው የእሳት ቀለበት አሻራ ይነበብበታል።

ሦስተኛው ብሎኖቹና ቀዳዳዎቻቸው ናቸው። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቶርክ መፍቻ 78 ኒውተን ሜትር ይጠብቁና ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይዞራሉ። ይህ አሠራር ብሎኑን ስለሚስበው ርዝመቱና ውፍረቱ ሳይለካ ተመልሶ መግባት የለበትም። ቀዳዳው ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ ብሎኑ ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል፤ ሲከፋም ብሎኩን ይሰነጥቃል። ጋራዡ ውስጥ ቶርክ መፍቻ አለ ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ከሌለ ያው መልስ ነው።

አራተኛው ስንጥቁ ነው፣ ካለ። «ተሰንጥቋል» የሚሉት ሳይከፍቱ ከሆነ ግምት ነው። ቴስታታው በግፊት ወይም በቀለም ይፈተሽ። ስንጥቅ ከተገኘ በውስጡ ያለውን ይመልከቱ፦ ጥላሸትና የውኃ ዝቃጭ የጠጣ ስንጥቅ ቆየት ያለ ነው፤ ብረቱ ውስጡ የሚያበራ ከሆነ የቅርብ ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ብር ይወስናል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ቴርሞስታቱ። ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ነው። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት በር አለው። በ80 ዲግሪ አካባቢ ሲከፈት የላይኛው ወደ ራዲያተር ያሳልፋል፤ የታችኛው ሳህን ደግሞ ውኃው ራዲያተር ሳይደርስ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። አውጥተው ሲጥሉት አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ከጋለው ውኃ ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ተመልሶ ሞተር ይገባል። በእኛ አካባቢ «ቴርሞስታት ለቀዝቃዛ አገር ነው» የሚል እምነት ሥር ሰድዷል፤ ስንት ሞተር እንዳስበላ ሳስብ ያንገበግበኛል። መኪናዋ ከጥገናው በፊት የምትግለው ዳገት ላይ ነበር፤ ከጥገናው በኋላ ሐሙሲት ሳትደርስ ሜዳ ላይ ጋለች። ይህ ለውጥ ራሱ ለሽማግሌ የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ሌላው ሊሆን የሚችለው ውኃው ሲሞላ አየር ውስጥ መቅረቱ ነው፤ ሃይስ ሞተሯ ከመቀመጫው ሥር ስለሆነና የኋላ ማሞቂያ ያላት የውኃ መስመሯ ረጅም ስለሆነ፣ የፊት ጎማዋ ከፍ ብሎ ቀስ ተብሎ ካልተሞላች አየር ይዛ ትቀራለች።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ጋራዡ የሚለው ከንቱ አይደለም፤ በጋለ ሞተር አሥር ደቂቃ መንዳት ቴስታታ ያጎብጣል። ግን ውኃው ካለቀ የሙቀት ጠቋሚው በእንፋሎት ውስጥ ስለሚቀር መለኪያው ዘግይቶ ሊነሣ ወይም ሳይነሣ ሊቀር እንደሚችል ባለሙያው ያውቃል። ወንድምዎ የት እንደቆመ፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ መጎተቻው መቼ እንደመጣ አሁኑኑ ይጻፍ። ረዳቱ ካለ እሱም ለብቻው ይጻፍ። የስልክ ጥሪ መዝገቡን እንዳያጠፉ።

ስለ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2610 መሠረት ሥራ ተቋራጭ ለተስማማበት ውጤት በራሱ ኃላፊነት ይገባል፤ ጋራዥም እንዲሁ ነው። ደረሰኝ አለመሰጠቱ መብትዎን አያጠፋም፤ የቴሌብር መልእክቱ ክፍያውን ያሳያል፣ ጥፋቱም ደረሰኝ ያልቆረጠው ነጋዴ ነው። በአንቀጽ 1772 ግን የውል ጉድለት ከመጠየቁ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ሥራ እንደታዘዘ፣ ምን እንደተከፈለ፣ ምን እንደደረሰ፣ ባለሙያው ምን እንዳገኘ፣ ምን እንደሚጠይቁና እስከ መቼ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ላይ ይፈርሙልዎ፣ ካልፈረሙ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡ። አንቀጽ 1802 ደግሞ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ በእርስዎም ላይ ይጥላል። መኪናዋን ወራት አቁመው የሁሉንም ቀን ገቢ መጠየቅ አይችሉም። ምርመራው እንዳለቀ ጥገናው ይቀጥል፤ እዚያ ካላመኑ ሌላ ቦታ ያስጎትቷት። በማታ ወይም በጉልበት ግን አያውጧት፤ የሚከራከሩበት ሒሳብ ካለ «በተቃውሞ የተከፈለ» ብለው ጽፈው ከፍለው ይውሰዷት።

የሚጠይቁት ሒሳብ ፍትሐዊ ይሁን፤ ሽማግሌ የሚቀበለው እንዲህ ያለውን ነው። ቴስታታው ሳይለካ ከተገጠመ ወይም ቴርሞስታቱ ለመጋሉ ምክንያት ከሆነ፣ የሁለተኛው ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ሥራው፣ የቶርኖው፣ የዘይቱና የመጎተቻው ወጪ የጋራዡ ነው። ስንጥቁ አዲስ ከሆነ ቴስታታውም የእነሱ ነው። ስንጥቁ የቆየ ከሆነ ቴስታታውን እርስዎ ይግዙ፤ መጀመሪያውኑ ቢፈትሹት ይገኝ ስለነበር ሁለተኛውን የመፍታትና የመግጠም ዋጋ ግን እነሱ ይቻሉ። ራዲያተሩ ደለል ይዞ ከተገኘ እጥበቱ የእርስዎ ነው። ለጠፋው ገቢ ከጥገናው በፊት የነበረውን የመናኸሪያ ስምሪት ወረቀት ይያዙ፤ ከጠቅላላው ነዳጁን፣ የሹፌርና የረዳት ድርሻን ቀንሰው የተጣራውን ብቻ ይጠይቁ። የሦስተኛ ወገን መድንዎ ይህን አይሸፍንም።

ሽማግሌ የሚገባው የባለሙያው ወረቀት በእጅዎ ሲሆን ነው። ሰፈርተኛ ለሰፈርተኛ ወረቀት ይዞ ቁጭ ሲል ነገሩ ስለ ብረቱ ስለሚሆን የሰው ክብር አይነካም። ስምምነቱ ተጽፎ በሁለቱም ወገንና በምስክሮች ይፈረም፤ ማን ምን ዕቃ እንደሚገዛ፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅና ካልሆነ ምን እንደሚከተል ይግባበት። ካልተስማሙ የከተማው ንግድ መምሪያ የሸማች አቤቱታ ይቀበላል፤ ለጋራዡ የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም መጠየቅ ይችላል። ቀጥሎ ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ ድጋፍ አገልግሎት አለው።

መኪናዋን ስትረከቡ አዲስ ቴርሞስታትና አዲስ የራዲያተር ክዳን ይኑራት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ በ94 ዲግሪ ይፈላል፤ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ላይ በ91። የክዳኑ 0.9 ባር ግፊት ነው እዚህ መፍያውን ወደ 115 ከፍ የሚያደርገው፤ ክዳኑ ከላላ አለም ሳጋ ላይ መፍላቷ አይቀርም። የቬንትሌተሩ (የማራገቢያው) ቺንጋ ይታይ። ከጣናም ከአባይም የተቀዳ ውኃ አይግባ፤ ግማሹ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ)፣ ግማሹ ንጹሕ ውኃ ይሁን። የመጀመሪያው ሳምንት ወንድምዎ በየጠዋቱ ሞተሩ ሳይነሣ የውኃውን መጠንና የዘይቱን ቀለም አይቶ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ውኃው ዳግም መጉደል ከጀመረ ደብረ ታቦር ሳይወጣ በዚያው ቀን ለጋራዡ ያሳውቅ።