መልስ፦ የሲዲ ትራክ ኩቤዝ ውስጥ አልገባ ላለህ

ከሲዲው ጎትተህ ኩቤዝ (ሙዚቃ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ) ላይ የጣልከው ‹ትራክ01.ሲዲኤ› የሚባለው ፋይል ድምፅ አይደለም፤ ኩቤዝ እምቢ ያለህም ለዚህ ነው። መጠኑን እየው፤ 44 ባይት ናት፣ ዊንዶውስ 1 ኪሎባይት ብሎ ያሳይሃል። ውስጡ ያለው ዘፈኑ ሲዲው ላይ የት ጀምሮ ስንት እንደሚረዝም የሚናገር መጠቆሚያ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ኮፒ ብታደርገውም፣ ስሙን ወደ ዋቭ (የድምፅ ፋይል ዓይነት) ብትቀይረውም ያው ነው።

1. አዲስ ፕሮጀክት ከፍተህ ሺፍትና ኤስን ተጫን፤ ሳምፕል ሬቱን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ የሚወስነውን ቁጥር) 44100 አድርግ። የሙዚቃ ሲዲ ሁሌም 44100 ኸርዝ፣ 16 ቢት ነው።
2. ሲዲውን አስገባና ፋይል፣ ኢምፖርት፣ ኦዲዮ ሲዲ በል።
3. ትራኩን ምረጥ፣ ማስቀመጫውን የፕሮጀክቱ ፎልደር አድርግ፣ ኮፒ በል። ሲዲው የተጫጫረ ከሆነ የንባብ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው፤ አለዚያ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይዞ ይወጣል።

ማክ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ትራኮቹን እንደ ኤአይኤፍኤፍ (እውነተኛ የድምፅ ፋይል) ስለሚያሳያቸው ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርገህ ማስገባት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ቀድሞ በ48000 የቀረጽክበት ፕሮጀክት ካለህ የፕሮጀክቱን ሳምፕል ሬት አትንካ፤ የቀረጽከው ይበላሽብሃል። ይልቅ ፋይሉ ሲገባ ወደ ፕሮጀክቱ ሳምፕል ሬት ይቀየር ወይ ሲልህ እሺ በለው። ካልተቀየረ ፕሮጀክቱ በ48000 አፍጥኖ ስለሚያጫውተው የ5 ደቂቃ ዘፈን 4 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገደማ ላይ ያልቃል፤ ድምፁም አንድ ተኩል ሰሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ያህል ይቀጥናል። ከዚያ በላዩ ክራር ልትደርብ ስትል ቅኝቱ አልገጥም ይላል፤ ብዙ ሰው ይሄኔ ክራሩን ነው የሚወቅሰው።