ሙሴ በግንባሩ የተደፋው ፈርቶ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ አንዱ ተነስቶ «አንተን ደግሞ ማን ሾመህ?» ብሎ አፋጠጠኝ፤ ግማሹ ቤት አጨበጨበለት። ማታ ወዳጄ «እንደ ሙሴ ጸልይ» አለኝ። ዘኍልቍ 16ን ከፍቼ ሳነብ ግን ሙሴ ተደፋ፣ በኋላ መሬት አፏን ከፍታ ሰዎቹን ዋጠች። ይሄ ትሕትና ነው እርግማን? ወይስ ፈርቶ ነው የተደፋው?
ግራ የገባው፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከንግግሩ ይልቅ ጭብጨባው ነው የሚያመው፣ አይደል?

በሙሴ ላይ ያመፀው ቆሬም ብቻውን አልመጣም። ዳታንና አቤሮን አብረውት ነበሩ፣ 250 አለቆችም ተከትለውታል። ደግሞ ባዳ አይደለም፣ የሙሴ ያጎት ልጅ ነው። ያነሳው ነገርም ለጆሮ ይጥማል፦ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ነው፣ እናንተ ለምን ከፍ ከፍ ትላላችሁ? ሙሴ ይሄን ሲሰማ ተደፋ። ፈርቶ እንዳንል፣ ተነስቶ ፊት ለፊት ተናገራቸው። ፍርዱን ግን ለራሱ አልወሰደም፤ ነገ ጠዋት እግዚአብሔር ያሳያል አላቸው። አንድ ሙሉ ሌሊት ሰጣቸው ማለት ነው።

ሙሴን መልአክ አታድርገው ታዲያ። ዳታንና አቤሮን ሲጠሩ «አንመጣም» አሉ፤ ጭራሽ ያቺን የባርነት አገር ግብፅን ወተትና ማር የምታፈስ አሏት። ሙሴ በጣም ተናደደ። መሥዋዕታቸውን አትይ፣ እኔ ካንዳቸውም አንዲት አህያ እንኳ አልወሰድኩም ብሎ ለእግዚአብሔር ስሞታውን ዘረገፈ። (በዛሬ ቋንቋ፣ መኪናቸውን አልነዳሁም እንደማለት ነው።)

ለእኔ ትሕትናው የሚታየኝ ከዚያ ወዲህ ነው። እግዚአብሔር «ፈቀቅ በሉ፣ ማኅበሩን ባንዴ ላጥፋው» አለ። ለተሰደበ መሪ ከዚህ በላይ ምን የምሥራች አለ? ሙሴና ወንድሙ አሮን ግን እንደገና ተደፉ፤ አንድ ሰው በበደለ በሁሉ ላይ ትቆጣለህ ወይ ብለው ተሟገቱ። አመፀኞቹ ቅጣታቸውን አገኙ፣ ሕዝቡ ተረፈ። በማግስቱ ያው የተረፈው ሕዝብ «እናንተ ናችሁ የገደላችኋቸው» ብሎ ተነሳባቸው! መቅሠፍት ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ተደፉ፣ አሁን ግን ሙሴ አሮንን ጥናህን (የዕጣን ማጠኛህን) ያዝ፣ ዕጣን ጨምርበት፣ ቶሎ ሂድ አለው። ፈርዖን ፊት ሲቆም 83 ዓመቱ የነበረ ሽማግሌ፣ እሳት ይዞ ሮጠ፤ በሞቱትና በሕይወት ባሉት መካከል ቆመ። መቅሠፍቱ እስኪቆም 14,700 ሰው አልቋል።

ስለዚህ ያንን ልጅ መሬት ትዋጠው ብለህ እንዳትጸልይ። ስሙን ጠርተህ ጸልይለት። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ የሒሳብ ደብተሩን ይዘህ ግባ፣ ሙሴ አህያዋን እንዳነሳው። መልስ ስጥ፣ ግን እዚያው ቀን ልጨርሰው አትበል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፦ የቆሬ ልጆች አልሞቱም፤ ዘኍልቍ 26፥11 ላይ ታገኘዋለህ። «ዋላ ወደ ውኃ ምንጭ እንደሚናፍቅ» የሚለውን መዝሙር ታውቀው የለ? እስቲ ከፍተህ ርእሱ ላይ የማን ስም እንዳለ እየው።