ለልጅ የማይሸጥ ጌም፦ ሕግ የቱን ያህል ያስጥላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች፣ ግድያና ድብደባ የሚበዛባቸው ቪዲዮ ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ መንግሥት ይከልክል ወይ በሚለው ላይ ያተኮሩ ናቸው። በመልሶቹ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ የሚጫወተው ጌም ሽፋኑ ላይ «18» ተጽፎበታል። ሲጋራና መጠጥ ለልጅ እንዳይሸጥ የሚከለክል መንግሥት ይህንንስ ለምን አይከለክልም? — አንዲት እናት

መልስ፦ የከለከሉ አሉ። በጀርመን ጌሞችን በዕድሜ የሚመድበው «ዩ.ኤስ.ኬ.» የተባለው ተቋም የሚሰጠው የ0፣ የ6፣ የ12፣ የ16 እና የ18 ዓመት ደረጃ ከ2003 ጀምሮ በሕግ ያስገድዳል። በምደባው ላይ የመንግሥት ተወካይ ይሳተፋል፤ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ የሸጠ ነጋዴም እስከ 50 ሺህ ዩሮ ሊቀጣ ይችላል። በብሪታንያ «ፔጊ» የሚባለው የአውሮፓ ምደባ 12፣ 16 እና 18 ቁጥሮች ከጁላይ 2012 ወዲህ የሕግ ኃይል አላቸው፤ ጥሶ የሸጠ ሰው እስከ ስድስት ወር ሊታሰር ይችላል። የኒውዚላንድ ሕግ ከዚህም የጠበቀ ነው። ገደብ የተጣለበትን ጌም ለልጁ የሰጠ ወላጅ ራሱ በሕግ ይጠየቃል። በአሜሪካ ግን ምልክቱ የኢንዱስትሪው የራሱ ስምምነት ነው፤ በሕግ ለማስገደድ የተደረገው ሙከራ በፍርድ ቤት ወድቋል።

የእኛ አቋም ሻጩን የሚያስገድድ ሕግ ቢኖር ይሻላል የሚል ነው፤ ግን ጠባብ ይሁን። «ጨካኝ ጌም» ምን እንደሆነ ለመበየን የሚነሣ ሕግ ገና ከመነሻው ይሰናከላል። መዳቢዎች የሰጡትን የዕድሜ ምልክት ተቀብሎ፣ ምልክቱን የጣሰ ሻጭ ይቀጣል ቢል ይበቃዋል። ቅጣቱም ሻጩ ላይ እንጂ ልጁ ወይም ወላጁ ላይ አይረፍ። የኒውዚላንድን መንገድ የማንደግፈው ለዚህ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ገብቶ የሚቆጣጠር ፖሊስ የለም፣ እንዲኖርም አንሻም።

ነገር ግን ሕጉ ወጣ ብለው አይዘናጉ። የብሪታንያው ሕግ የሚይዘው በዲስክና በመሳሰለው የሚሸጠውን ጌም ነው፤ ከኢንተርኔት የሚወርደውን አይነካም። ዛሬ ደግሞ ልጆች ከሚጫወቷቸው የተኩስ ጌሞች ብዙዎቹ በነፃ የሚወርዱ ናቸው። አምራቹ ገንዘቡን የሚያገኘው በኋላ፣ ልጁ ጌሙ ውስጥ ልብስና መሣሪያ ሲገዛ ነው። ባልተሸጠ ነገር ላይ የሽያጭ ክልከላ ምን ሊሠራ? ጀርመን ይህን አይታ በ2021 ሕጓን አሻሽላለች፤ ከ2023 ጀምሮ ደረጃ ሲሰጥ ከግድያው ትዕይንት ሌላ ከማይታወቅ ሰው ጋር የሚደረግ ቻትና በጌሙ ውስጥ የሚፈጸም ግዢም ይታያል። አዲስ ሕግ የሚያረቅ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያን ሕግ የሻረው ለምንድን ነው? የወሲብ ሥዕል ለልጅ መሸጥ እየተከለከለ የግድያ ጌም መሸጥ እንዴት መብት ይሆናል?

መልስ፦ ሕጉ በ2005 የወጣ ነው። ግድያ፣ አካል ማጉደል ወይም ወሲባዊ ጥቃት በሰው ምስል ላይ የሚፈጸምበትን ጌም ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሸጠ ወይም ያከራየ እስከ 1,000 ዶላር ይቀጣል፤ ሽፋኑ ላይም «18» የሚል ምልክት ይለጠፍ ይላል። ኢንዱስትሪው ወዲያው ከሶ ስላሳገደው ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጁን 27 ቀን 2011 በ7 ለ2 ድምፅ ሻረው።

የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ናቸው። ጌም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ሐሳብ የሚገለጽበት ስለሆነ ሕገ መንግሥታዊ ጥበቃ አለው ብለው ይነሣሉ። ካሊፎርኒያ የተደገፈችው እርስዎ ባነሡት ነጥብ ላይ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ1968 ወሲባዊ ኅትመት ለልጆች እንዳይሸጥ መከልከል ይቻላል ብሎ ነበርና። ስካሊያ ግን ይህ ልዩ ሁኔታ ለወሲብ ብቻ የተተወ ነው፣ የግድያ ትዕይንትን ከልጆች የማራቅ ተመሳሳይ የሕግ ልማድ በአገሪቱ ኖሮ አያውቅም፣ እንዲያውም የልጆች ተረቶች ራሳቸው ደም የበዛባቸው ናቸው አሉ። ከዚያ በኋላ ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በመንግሥት ላይ ወደቀ። የቀረቡት ጥናቶች ጌምና ጠበኝነት አብረው እንደሚታዩ እንጂ አንዱ ሌላውን እንደሚያመጣ አላሳዩም፤ የተገኘውም ውጤት የካርቱን ፊልም ከማየት ከሚገኘው እምብዛም አይለይም ተባለ። ሕጉ ካርቱኑን ትቶ ጌሙን ብቻ መያዙ፣ ደግሞም ወላጅ ወይም አጎት ገዝቶ ከሰጠ ችግር የለም ማለቱ ዓላማውን አጠራጣሪ አደረገበት።

ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ሐሳብ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስም አብረዋቸው ነበሩ። ሁለቱ በውጤቱ ቢስማሙም ምክንያታቸው ሌላ ነው። ሕጉ ለሻጩ ግልጽ አይደለም አሉ። ሻጩ የትኛው ጌም «ለልጆች ተገቢ ነው ከሚባለው የኅብረተሰቡ መለኪያ» እንደሚወጣ በምን ያውቃል? ጥርት ብሎ የተጻፈ ሕግ ቢመጣስ የሚለውን ክፍት ተዉት። ከላይ ጠባብ ሕግ ይሁን ያልነው ይህን ይዘን ነው።

የልዩነት ሐሳብ ካሰፈሩት ሁለቱ አንዱ ክላረንስ ቶማስ ናቸው፤ በወላጅ በኩል ሳያልፉ ለልጅ የመናገር መብት የለም ይላሉ። ሁለተኛው ስቲቨን ብራየር የእርስዎን ጥያቄ ነው የጠየቁት፦ ለ13 ዓመት ልጅ የራቁት ሴት ፎቶ መሸጥ ከተከለከለ፣ ያው ልጅ ሴት አስሮ የሚያሠቃይበትንና የሚገድልበትን ጌም መሸጥ እንዴት ይጠበቃል? የብዙኃኑ ውሳኔ ለዚህ የታሪክ መልስ እንጂ የአመክንዮ መልስ አልሰጠም ባዮች ነን።

ጥያቄ፦ እኔ እና የሥራ ባልደረባዬ መምህራን ነን። እሱ ጌም ልጆችን ነፍሰ ገዳይ ያደርጋል ይላል፤ እኔ ምንም አያደርግም እላለሁ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ሁለታችሁም ጫፍ ይዛችኋል። ክርክሩ የማያልቀው ተመራማሪዎች «ጠበኝነት» የሚሉትን የሚለኩት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ነው። በላቦራቶሪ ተሳታፊው ጌም ተጫውቶ ሲያበቃ ተጋጣሚው ነው ለተባለ ሰው የሚረብሽ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁን ባስጮኸና ባስረዘመ ቁጥር ጠበኛ ተብሎ ይመዘገባል። ይህ በትምህርት ቤት ግቢ ቡጢ ከመሰንዘር ጋር አንድ እንዳልሆነ እናንተ መምህራን ከማንም በላይ ታውቃላችሁ።

ልጆችን ለረዥም ጊዜ የተከታተሉ ጥናቶች የተሻሉ ናቸው። በ2018 ከ9 እስከ 19 ዓመት ያሉ ከ17,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ 24 ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ የግድያ ጌም መጫወት በኋላ ከሚታይ አካላዊ ጠብ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። በ2019 ደግሞ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች 1,004 የ14 እና የ15 ዓመት ብሪታንያውያንን አጠኑ። የጌሙን ጨካኝነት በልጆቹ ቃል ሳይሆን በይፋዊው የዕድሜ ምልክት መዘኑ፤ ስለ ልጆቹ ጠባይም አሳዳጊዎቻቸውን ጠየቁ፤ ግንኙነት አላገኙም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ያወጣው መግለጫ መሐሉን ይይዛል፦ እንደ መጮህና መገፋፋት ካለው ጠባይ ጋር ትንሽ ግንኙነት አለ፤ ከነፍስ ግድያና ከመሰል ወንጀል ጋር ለማያያዝ ግን ማስረጃው አይበቃም።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2011 ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች ጨካኙንና ጨካኝ ያልሆነውን ጌም በፉክክር መጠን እኩል አድርገው ሲያወዳድሩ፣ ጠበኝነቱን ከፍ ያደረገው ፉክክሩ ሆኖ ተገኘ። በመኪና እሽቅድምድም የተሸነፈ ልጅ ጆይስቲክ የሚወረውረውም ለዚህ ይሆናል። ስለዚህ የዕድሜ ምልክቱን «ወንጀል መከላከያ» አድርጎ መሸጥ ትክክል አይደለም። ትንንሾቹን ከሚያስፈራ፣ እንቅልፍ ከሚነሣና ከስድብ ለማራቅ ግን ይሠራል፤ ይህም ራሱን ችሎ በቂ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጌም እሸጣለሁ። ሕግ ባያስገድደኝም ለልጅ መሸጥ አልፈልግም፤ በተግባር እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ የማያስገድድ ምልክትም ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ታዳጊዎችን ብቻቸውን ወደ መደብር እየላከ ሲፈትን፣ በ2000 ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ የተባለ ጌም ከጠየቁት 85 በመቶው ገዝተው ወጡ። በ2011 ይፋ ባደረገው ፈተና ቁጥሩ ወደ 13 በመቶ ወረደ። ለአዋቂ የተባለ ፊልም ዲቪዲ ግን በዚያው ጊዜ 38 በመቶው ገዝተዋል። ለለውጡ የረዳው አንዱ ነገር ትልልቆቹ መደብሮች ሒሳብ መቀበያ ማሽናቸው የጌሙ ባርኮድ ሲነበብ «መታወቂያ ይጠይቁ» ብሎ እንዲያቆማቸው ማድረጋቸው ነው። ሠራተኛው እንዲያስታውስ አይጠበቅበትም፤ ማሽኑ ያስታውሰዋል። ማሽን ከሌለዎት የ16 እና የ18 ጌሞችን ደንበኛ በእጁ ከማይደርስበት ከባንኮኒው ጀርባ ያስቀምጡ፤ ከ25 ዓመት በታች የሚመስለውን ሁሉ መታወቂያ ይጠይቁ። ቁመናን አይቶ መገመት ያሳስታል። የሚያመልጥዎት ደግሞ በካርድ የሚሸጠው የጌም ሒሳብ መሙያ ነው። ካርዱ የዕድሜ ምልክት የለውም፤ በእሱ ግን የ18 ጌም ይገዛበታል።

ጥያቄ፦ ከመከልከል ይልቅ የሌሊቱን ሰዓት መዝጋት አይሻልም? አንዳንድ አገሮች አድርገውታል ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ደቡብ ኮሪያ ከ2011 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ከኢንተርኔት ጌም ዘግታ ነበር፤ ልጆቹ በወላጅ መታወቂያ ቁጥር ሲገቡ፣ ጨዋታውም ሕጉ ወዳልነካው ስልክ ሲሸሽ በ2021 እንዲቀር ወሰነች። ቻይና በዚያው ዓመት ከ18 በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቀደች። ይህ የሚሠራው እያንዳንዱ ተጫዋች በእውነተኛ ስሙና መታወቂያው ሲመዘገብ ብቻ ነው። ለአንድ ጌም ብሎ የሁሉን ሰው ማንነት ለኩባንያ ማስረከብ ለእኛ ዋጋው ከብዶብናል።

ጥያቄ፦ ስልኩም ፕሌይስቴሽኑም ላይ ገደብ አደረግሁ፤ ልጄ ግን እንደልቡ ይጫወታል። ምን ጎደለኝ? — አንድ አባት

መልስ፦ መጀመሪያ አካውንቱ የማን እንደሆነ ይዩ። ልጁ ሲመዘገብ የትውልድ ዓመቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ከሞላው ለሲስተሙ አዋቂ ነው፤ የልጅ ገደብ አይነካውም። መፍትሔው በእርስዎ አካውንት ሥር በትክክለኛ ዕድሜው የልጅ አካውንት መክፈት ነው። በድሮው አካውንት ጌሙ ላይ የደረሰበት ደረጃና የሰበሰበው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አብሮት አይመጣም፤ ስለዚህ ከኩርፊያ ጋር ይዘጋጁ።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ፕሌይ ስቶርን ከፍተው ከላይ በቀኝ ያለውን የአካውንት ምልክት ይጫኑ፤ ከዚያ «ሴቲንግስ»፣ «ፋሚሊ»፣ «ፓረንታል ኮንትሮልስ» ብለው ፒን ያስገቡና የዕድሜ ደረጃውን ይምረጡ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገደቡ ቀድሞ የተጫነውን ጌም አያጠፋም፣ የሚሠራውም ባስገቡበት ስልክ ላይ ብቻ ነው። የተጫነውን በእጅዎ ያጥፉ። ቀጥሎ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ካልታወቀ ምንጭ አፕ መጫንን ለእያንዳንዱ ብሮውዘርና ለቴሌግራም ይዝጉ፤ አለበለዚያ ፋይሉ ከጓደኛ ስልክ ይላክለታል፣ ፕሌይ ስቶርም አያውቀውም። አይፎን ላይ መንገዱ «ስክሪን ታይም» ውስጥ ነው፤ የሚያስገቡት ቁጥር ስልኩ ከሚከፈትበት የተለየ ይሁን።

ፕሌይስቴሽን ላይ የገደቡ መክፈቻ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጣ 0000 ነው፤ ሳይቀይሩት ከቀሩ ልጁ ከእርስዎ ቀድሞ ያውቀዋል። እሱን ከቀየሩ በኋላ አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርንና በእንግድነት መግባትን ይከልክሉ፤ ይህ ክፍት ከሆነ ልጁ በሁለት ደቂቃ አዲስ ስም ፈጥሮ ገደቡን ያልፈዋል። በእርስዎ ስም ባለው ተጠቃሚ ላይም መግቢያ ቁጥር ያድርጉ። በመጨረሻ የቻቱንና የወጪውን ገደብ ለየብቻ ያስገቡ፤ የዕድሜ ደረጃው ሁለቱንም አይነካም። የወጪውን ጣሪያ ዜሮ አድርገው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ የእህቴ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። ለልደቱ የ18 ጌም ግዛልኝ ይለኛል። ልግዛለት?

መልስ፦ በሽፋኑ ጀርባ ከቁጥሩ አጠገብ ያሉትን ትንንሽ ሥዕሎች ያንብቡ። አንዱ ጌም 18 የተባለው በማሠቃየት ትዕይንት፣ ሌላው በቁማር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማንም ሳይቆራርጠው የተቀረፀ የጨዋታውን ቪዲዮ ከኢንተርኔት ፈልገው ግማሽ ሰዓት ያህል ይመልከቱ፤ ማስታወቂያው አይበቃም፣ ከበዱ የሚባሉት ትዕይንቶች አይካተቱበትም። ያም ሆኖ ልጁ የእህትዎ ነውና ከመክፈልዎ በፊት ለእሷ ይደውሉላት።