ቼክ ኢንጂን ጠፍቶ ሲመለስ

ወንድሜ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። 2004 ኮሮላ አለኝ፣ ከጅማ አጋሮ እመላለስበታለሁ፣ የሞተር ማስጠንቀቂያው መብራት ቼክ ኢንጂን በርቶ ሳስመረምር ፒ 0171 የሚል ኮድ አለ፣ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ነው ብለውኝ ቀየርኩ፣ መብራቱ ጠፍቶ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጥና ሲሞቅ ይተወዋል ነው ያልከው።

ያወጣኸው ብር በእውነት አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም ሴንሰሩ ያጠፋው ነገር ያለ አይመስለኝም። ፒ 0171 ማለት አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው፣ ይሄን አይቶ ለኮምፒውተሩ የተናገረው ደግሞ ራሱ ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ኮድ ምን እንደታየ ነው የሚነግርህ እንጂ የቱን ዕቃ ግዛ አይልህም። ታዲያ መብራቱ ለምን ጠፋ ካልከኝ፣ ኮዱን በስካነር ሲያጠፉት ኮምፒውተሩ እስከዛሬ ስንት ቤንዚን እየጨመረ እንደነበር የተማረውንም አብሮ ይረሳል፣ እንደገና እስኪማርና ጉድለቱን ብዙ ጊዜ በሁለት ጉዞ እስኪያየው ድረስ መብራቱን አያበራም፣ ለዛ ነው ሁለት ቀን ደህና የመሰለህ።

አሁን እባክህ ኮዱን እንዳታስጠፋው። ስካነር ያለው ልጅ ጋ ሂድና ላይቭ ዳታ፣ ማለትም ሞተሩ እየሠራ የሚታየውን ንባብ፣ ክፈትልኝ በለው፣ ሾርት እና ሎንግ ፊውል ትሪም የሚሉ ኮምፒውተሩ ስንት ፐርሰንት ቤንዚን እንደጨመረ የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፣ ደምራቸው። እስከ 10 ፐርሰንት ብዙ አያስጨንቅም፣ 20ን ካለፈ ግን ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሙላት እየታገለ ነው። ሚኒሞ ላይ 25 ሆኖ ነዳጅ ሰጥተህ 2500 ዙር ላይ ስትይዘው ወደ 5 ከወረደ የሆነ ቦታ አየር ይስባል ማለት ነው፣ ቀዳዳው ያው ቀዳዳ ነው ግን በዋናው በር የሚገባው አየር ሲበዛ የሱ ድርሻ ያንሳል። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚጨምር ከሆነ ግን የቤንዚን ፓምፑን፣ ፊልትሮውንና የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ነው የምታየው።

ጅማ ከፍታ ስለሆነ ነው የሚሉህን አትስማ፣ ከተማችን ከ1,700 ሜትር በላይ ብትሆንም ያ የአየር መለኪያ ሴንሰር የሚገባውን አየር በክብደቱ ነው የሚለካው፣ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም አብሮ ይቀንሰዋል።

እኔ የምጠረጥረው የኢንቴክ ማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን ነው፣ ማለትም አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ ሞተሩ ላይ ሲገጠም መሃል የሚገባውን ማሸጊያ ጎማ። ሞተርህ ዋን ዜድ ዜድ የሚባለው የቶዮታ ሞተር ከሆነ ይሄ የታወቀ በሽታው ነው፣ ጎማው በዕድሜ ይደርቃል፣ ሲበርድ ያስገባል ሲሞቅ ይዘጋል፣ ቀትር ላይ ጋራዥ ስትወስደው ምንም የማይገኘው ለዛ ነው። ስለዚህ መኪናው እዛው ጋራዥ ይደርና ጠዋት እንደተነሳ ማኒፎልዱ ከቴስታታው፣ ከሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ልብስ ስትተኩስ በምትረጭበት ጠርሙስ ንጹህ ውሃ እርጩበት፣ ውሃው ቀዳዳውን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ሲደፍነው መንቀጥቀጡ ጸጥ ይላል፣ ጆሮህን ጠጋ ካደረግክ ሲስስ የሚለው ድምፅም ሲቋረጥ ትሰማለህ። ቤንዚን ወይም ካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፣ ይሠራል ግን በጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ጠብ ካለ እሳት ነው፣ እኔ አላደርገውም።

ከዛ በፊት ግን ከአየር ፊልትሮው ሳጥን ወደ ዋናው የአየር በር፣ ወደ ትሮትሉ፣ የሚሄደውን ወፍራም ጎማ እየው። አንዴ እኔ ጋ የመጣ ቪትዝ ላይ ከላይ ሲታይ አዲስ ይመስል ነበር፣ እጄን ከስር አስገብቼ እጥፋቶቹን ገለጥ ሳደርጋቸው ግን ጣት የሚያህል ስንጥቅ አፉን ከፈተ።

ጓርኒሲዮኑ ሆኖ ከተገኘ በሲሊኮን ለብጠው እንዳይሸኙህ፣ አዲስ ይግባ፣ ፊቱ በደንብ ይጽዳ፣ ብሎኖቹም ከመሃል ጀምሮ ተራ በተራ እኩል ይጥበቁ። ኮዱ የሚጠፋው ከዛ በኋላ ነው። የነቀሉትን ሴንሰርም ካልጣሉት ተቀበላቸው፣ ደህና ሊሆን ስለሚችል ለመጠባበቂያ ይሁንህ።