ሞተር የሚታመመው ከእግሩ ነው

ጣና ላይ ጀልባ ለምትነዱና ሞተር ለምትጠግኑ ልጆቼ፤

ሞተር ሲያስቸግር የብዙዎቻችሁ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ወደ መፍታት ነው። ኧረ ቀስ በሉ! የጀልባ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ውኃ ውስጥ ከተነከረው እግሩ ነው፤ ላይ የምታዩት ትኩሳቱን ነው።

ጠዋት እንዳስነሳችሁ ዓይናችሁ ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የሚፈሰው ውኃ ላይ ይሁን። የሚያቀዘቅዘው ያው የሐይቁ ውኃ ስለሆነ ፍሳሹ ሲቀጥን ወይም ሲቆም ወዲያው አጥፉ። በተለይ እምቦጭ ባለበት በኩል ስትነዱ የውኃ መሳቢያው ወንፊት በእምቦጩ ሥር ይደፈናል፤ መጀመሪያ እሱን አጽዱ። ቀጥሎ የመውጫውን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። አሁንም ካልፈሰሰ ፓምፑን ጠርጥሩ። ውስጡ የሚሽከረከረው ባለ ክንፍ ላስቲክ የሚለሰልሰው በውኃ ብቻ ነው፤ «አንዴ ልሞክረው» ብላችሁ ደረቅ ላይ ስታስነሱት በጥቂት ሰከንድ ይቃጠላል። መሞከር የፈለገ እግሩን ውኃ በሞላው በርሜል ውስጥ ይንከረው። ላስቲኩን በዓመት አንዴ ቀይሩ፤ ስትገጥሙም ክንፎቹ ወደ ትክክለኛው ጎን እንዲታጠፉ ዘንጉን ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ አስገቡት። ከአሮጌው ላይ የተቆረጠ ክንፍ ካለ ቁራጩን ሳታገኙ አትዝጉ። ወደ ላይ ሄዶ የውኃውን መንገድ ይዘጋል፤ ያኔ አዲሱ ላስቲክም አያድናችሁም።

እግሩ ውስጥ ያለውን የማርሽ ዘይት በየ100 ሰዓቱ፣ ካልሆነም በየ6 ወሩ ቀይሩ። የታችኛውን ቡሎን ቀድማችሁ፣ የላይኛውን አስከትላችሁ ፍቱና አንጠፍጥፉት። የወጣው ዘይት ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ጣና ላይ አንዱ ጥፋተኛ የዓሣ መረብ ናይለን ነው፤ ከፕሮፔለሩ ኋላ ተጠምጥሞ የዘንጉን የዘይት ማገጃ ላስቲክ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፕሮፔለሩን አልፎ አልፎ ፍቱና ከኋላው እዩ። ከመንካታችሁ በፊት ግን የካንዴላዎቹን ገመድ ንቀሉ፤ ፕሮፔለር በእጅ ሲዞር ሞተር ሊነሣ ይችላል። አዲሱን ዘይት የምትሞሉት ከታች ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከተሞላ ውስጡ አየር ይታፈናል። በላይኛው ቀዳዳ ሲወጣ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን ዝጉ።

አሁን ወደ ላይኛው ክፍል። ለባለ ሁለት ምት ሞተር በ50 ለ1 ድብልቅ 20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ የአንዳንዱ መጠን ስለሚለይ መመሪያውን እዩ። የባጃጅ ዘይት አታድርጉበት። እሱ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ስለሆነ አመዱ ካንዴላ ላይ ይቀራል። ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብሊው 3 (TC-W3) የሚል፣ በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር የተሠራ የዘይት ምልክት ይኑረው።

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ አየሩ ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ለትንሽ አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱም ይወርዳል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚሳሳተው። «ዘይት በዛበት» ብሎ ዘይቱን ይቀንሳል፤ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ግሎ ይጣበቃል። መድኃኒቱ የካርቡሬተሩን የቤንዚን መርጫ ቀዳዳዋ ባነሰ መቀየር ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶትም የተመደበለትን የዙር ፍጥነት ካልደረሰ ደግሞ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ያነሰ ፕሮፔለር መግጠም። ደህና ካንዴላ ቀለሙ እንደ ተቆላ ገብስ ቡናማ ነው። ከነጣ ግን ነዳጅ አንሶታል ወይም ሞተሩ ግሏል፤ ሳታጣሩ ወደ ሐይቁ አትመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበል መሐል ቆሞ የሚፈታ ነገር የለም። ከመቀመጫችሁ ሥር ሁለት ካንዴላና መፍቻው፣ የማስነሻ ገመድ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ አይጥፉ። መቅዘፊያም ሁለት ይኑር።